በአነስተኛ በጀት የጌም ኮምፒውተር ክፍሎች አመራረጥ

የጌም ኮምፒውተር ክፍሎች አመራረጥ ማለት ለቪዲዮ ጌም የሚሆን የግል ኮምፒውተርን ተገጣጥሞ ከመግዛት ይልቅ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ መርጦ የመገጣጠም ሥራ ነው። በጀቱ አነስተኛ ሲሆን ዋናው ጥያቄ ከሁሉ የሚፈጥነው ክፍል የትኛው ነው የሚለው ሳይሆን፣ ያለው ገንዘብ በየክፍሉ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ነው። የኮምፒውተሩን ፍጥነት የሚወስነው በጣም ውድ የሆነው ክፍል ሳይሆን ሌሎቹን የሚያስጠብቀው ደካማው ክፍል ነውና።

ታሪካዊ አመጣጥ

ከተለያዩ አምራቾች የመጡ ክፍሎችን አንድ ላይ መግጠም የተቻለው የጋራ ደረጃዎች ስላሉ ነው። አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒሲ አሠራሩ ለሌሎች ክፍት ስለነበር ብዙ ኩባንያዎች ለእርሱ የሚስማሙ ክፍሎችን ማምረት ጀመሩ። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ኤቲኤክስ የተባለው ደረጃ ደግሞ የማዘርቦርድን መጠን፣ የብሎን ቀዳዳዎችን ቦታና የፓወር ሰፕላይን አሠራር ወሰነ። ኤንቪዲያ በ1999 እ.ኤ.አ. ጂፎርስ 256ን ሲያወጣ «ጂፒዩ» የሚለው መጠሪያ ተስፋፋ።

የሥራ ክፍፍልና ማነቆ

ጌም ሲከፈት ሲፒዩ የጌሙን ሕግና የገጸ ባሕርያትን እንቅስቃሴ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ በዚያ ስሌት መሠረት ምስሉን ይስላል። ሁለቱ ተራ በተራ የሚቀባበሉ ሠራተኞች ስለሆኑ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ይጠብቃል። ለምሳሌ ሲፒዩው በሰከንድ 70 ምስሎችን ብቻ ማዘጋጀት ቢችልና ካርዱ 140 መሳል ቢችል፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከ70 አይበልጥም። የካርዱ ግማሽ አቅም ያለ ሥራ ይቀመጣል ማለት ነው። ይህ ሁኔታ ማነቆ ይባላል።

ማነቆው የት እንደሚገኝ በሞኒተሩና በጌሙ ዓይነት ይወሰናል። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች ሲኖሩት፣ 3840 በ2160 የሆነው 8,294,400 ማለትም አራት እጥፍ አለው። የነጥቦቹ ብዛት ሲጨምር የካርዱ ሥራ በጣም ይከብዳል፤ የሲፒዩው ግን ብዙም አይለወጥም። እንደ ካውንተር-ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 ባሉ የውድድር ጌሞች የሲፒዩ ፍጥነት ይበልጥ ይፈለጋል፤ እንደ ሳይበርፐንክ 2077 ባሉ ጌሞች ግን ካርዱ ይከብደዋል። 60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር በሰከንድ ከ60 በላይ ሙሉ ምስሎችን ማሳየት ስለማይችል፣ እንዲህ ያለ ሞኒተር ያለው ሰው በሰከንድ 144 ምስል ለማግኘት የሚያወጣው ተጨማሪ ገንዘብ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ዋና ዋና ክፍሎች

ግራፊክስ ካርድ፦ ብዙውን ጊዜ ከበጀቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ይወስዳል። ከፍጥነቱ በተጨማሪ የራሱ ሜሞሪ መጠን ይታያል፤ ሜሞሪው ሲሞላ ምስሉ ይቆራረጣል። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመርም ልዩነት ያመጣል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አራት የመገናኛ መስመሮች ብቻ ስላሉት፣ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ባለው አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ሲገጠም ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ሲፒዩ፦ ለመካከለኛ የጌም ኮምፒውተር ባለ 6 ኮር ሲፒዩ በቂ ነው። ከስማቸው መጨረሻ «ኤፍ» የሚል ፊደል ያለባቸው የኢንቴል ሲፒዩዎች፣ ለምሳሌ ኮር አይ5-12400ኤፍ፣ አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የላቸውም፤ ካርድ ካልተገጠመ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም። በተቃራኒው ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ የራሱ ግራፊክስ ስላለው፣ ካርዱን በኋላ ለመግዛት ያሰበ ሰው እስከዚያ ቀላል ጌሞችን ሊጫወትበት ይችላል።

ማዘርቦርድ፦ ፍጥነት አይጨምርም፤ ሌሎቹን ክፍሎች ግን ያገናኛል። በመጀመሪያ የሚረጋገጠው የሲፒዩው መሰኪያ ነው። የኤኤምዲ ኤኤም4 መሰኪያ ዲዲአር4 ራም ሲቀበል፣ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ነው። የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 እንደ ማዘርቦርዱ ከሁለቱ አንዱን ይቀበላል። መሰኪያው ቢገጥምም አሮጌ ማዘርቦርድ አዲሱን ሲፒዩ እንዲያውቅ የባዮስ ማሻሻያ ሊያስፈልገው ይችላል።

ራም፦ ከአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ይልቅ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ይመረጣሉ፤ ሲፒዩው ከሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ፍጥነት ይጨምራል። ጥቅሙ በተለይ የሲፒዩውን ግራፊክስ ለሚጠቀም ሰው ጎልቶ ይታያል።

ማከማቻ፦ ኤስኤስዲ ጌሙ የሚከፈትበትን ጊዜ በጣም ያሳጥራል። ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ኤንቪኤምኢ የተባለው ዓይነት ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። በጌም ላይ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲቀየር ከሚታየው ያነሰ ነው።

ፓወር ሰፕላይና የኤሌክትሪክ ጉዳይ

ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነስበት ክፍል ብዙ ጊዜ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ይህ ግን ከሁሉ አደገኛው ቁጠባ ነው። ሌላ ክፍል ሲበላሽ ራሱ ብቻ ይበላሻል፤ መከላከያ የሌለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ግን ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ካርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በዕቃው ላይ የሚለጠፈው «80 ፕላስ» የሚለው ምልክት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደማያባክን ያሳያል እንጂ ስለ መከላከያው ጥራት አይመሰክርም።

አስፈላጊው ዋት በመደመር ይገኛል። 132 ዋት የሚወስድ አርኤክስ 6600 ካርድና 65 ዋት የተመደበለት ራይዘን 5 5600 ሲፒዩ ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር ተደምረው 250 ዋት አካባቢ ይሆናሉ። ለድንገተኛ ጭማሪ ቦታ ለመተው ጥራት ያለው ባለ 500 ዋት በቂ ነው፤ ባለ 800 ዋት መግዛት ፍጥነት አይጨምርም።

በኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን በአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ በሰው እጅ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ከመሰካቱ በፊት ጽሑፉ መነበብ አለበት። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ራሱን ያስተካክላል። አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ዓይነቶች ግን ከጀርባቸው 115 እና 230 የሚል ማብሪያ አላቸው፤ ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ዩፒኤስ መጠቀም ኮምፒውተሩ በድንገት እንዳይጠፋ ይረዳል።

ያገለገሉ ክፍሎች

ያገለገለ ሲፒዩና ራም ብዙ ጊዜ አስተማማኝ ነው፤ ተንቀሳቃሽ አካል የላቸውምና። ግራፊክስ ካርድ ግን በጌም ሥራ ላይ እያለ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መፈተሽ አለበት፤ የሙቀቱ መጠን፣ የማራገቢያው ድምፅና በምስሉ ላይ የሚታዩ እንግዳ ነጥቦች ይታያሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች ካርዶችን በብዛት በመግዛታቸው ዋጋው ንሮ ነበር፤ ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ሲቀይር ብዙ ያገለገሉ ካርዶች ወደ ገበያ ወጡ። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን ዕድሜውና የመከላከያው ሁኔታ ከውጭ ስለማይታወቅ አይመከርም።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

1. የሚፈለጉት ጌሞችና የሞኒተሩ ዓይነት ይወሰናሉ።
2. ለዚያ የሚበቃ ግራፊክስ ካርድ ይመረጣል።
3. ካርዱን የማያስጠብቅ ሲፒዩ ይመረጣል።
4. ለሲፒዩው የሚስማማ ማዘርቦርድና ራም ይታያል።
5. የዋቱ ድምር ተሠርቶ ፓወር ሰፕላይ ይመረጣል።
6. የካርዱ ርዝመትና የሲፒዩው ማቀዝቀዣ ቁመት ከኬዙ ጋር ይመሳከራል።

ድምሩ ከበጀቱ ከበለጠ በቅድሚያ የሚቀነሰው በኋላ በቀላሉ የሚጨመር ነገር ነው። ሁለተኛ ኤስኤስዲ፣ የሚያምር ኬዝና የመብራት ጌጥ ሌላ ጊዜ ይገዛሉ። ፓወር ሰፕላይና ማዘርቦርድ ግን የሌሎቹ መሠረት ስለሆኑ፣ እነርሱን በኋላ መቀየር ኮምፒውተሩን እንደገና መገጣጠም ይሆናል።