የጋምቤላ ወደብ እና የተዋስነው ማዕቀፍ
(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ ሌሎች የሠሩትን የሶፍትዌር ማዕቀፍ ተውሶ ሥርዓት መገንባት ነው። ነገሩን ከኮድ ሳይሆን ከባሮ ወንዝ ዳርቻ እጀምራለሁ፤ ይህች ከተማ ራሷ በውል ከተሰጠ ኪራይ የተወለደች ናትና።

በግንቦት 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት የድንበር ስምምነት አራተኛ አንቀጽ፣ በኢታንግ አቅራቢያ ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳር ርዝመቱም ከ2000 ሜትር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው በተግባር የተቆረቆረው ጋምቤላ ላይ ነበር። ከጎሬና ከአካባቢው የመጣው ቡና እዚህ ከበቅሎ ጀርባ ወርዶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ጋምቤላ እንግዲህ ጭነት ከአንድ ሥርዓት ወደ ሌላ የሚዛወርባት ስፍራ ነበረች። በቅሎ የምትሸከመውና መርከብ የሚጭነው በመጠንም በአደራደርም አይመሳሰልም፤ በመካከል የሚያዛውር ያስፈልጋል።

በእኛም ሙያ ተመሳሳይ ክፍተት አለ። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኦሌ ዮሐን ዳልና ክሪስተን ኒጎር ኦስሎ ውስጥ ሲሙላ የተባለውን ቋንቋ ሲፈጥሩ፣ ፕሮግራም ዓለምን በኦብጀክት እንዲያስብ አደረጉ። በ1970 ደግሞ የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ መረጃ በተዛማጅ ሠንጠረዦች እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረበ። ኦብጀክት ሌላ ኦብጀክት በውስጡ ይይዛል፤ ሠንጠረዥ ግን ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ጭነት የሚያዛውረውን ሥራ ፕሮግራመሮች ለረጅም ጊዜ በእጃቸው ጻፉት። በ2001 ጋቪን ኪንግ የጀመረው ሃይበርኔት ይህን ሥራ ለጃቫ ፕሮግራመሮች የተረከበ ዝነኛ ማዛመጃ ሆነ።

ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ለአገር አቀፍ የጤና ሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 ሥሩ ከአፓርታይድ በኋላ በደቡብ አፍሪካ በተጀመረ፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲም በተሳተፈበት ፕሮጀክት ላይ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ በማይክሮሶፍት አክሰስ ተሠራ፤ ሁለተኛው ትውልድ በጃቫ፣ በስፕሪንግ፣ በሃይበርኔትና በፖስትግሬስ ላይ ቆመ። በዚህ ክልል ያለ ጤና ጣቢያ የወር ሪፖርቱን ሲያስገባ፣ ቁጥሩ በእነዚህ የተዋሱ ንብርብሮች ሁሉ ያልፋል።

ትርፉ ግልጽ ነው፤ በድሃ አገር ያለ ቡድን ሁሉን ከመሠረቱ ልጻፍ ቢል ዕድሜው አይበቃውም። ዋጋው ግን አለ። ማዛመጃው የሚሠራውን የማያውቅ ፕሮግራመር የ100 ጤና ጣቢያዎችን ዝርዝር በአንድ ጥያቄ ካመጣ በኋላ የእያንዳንዱን ሪፖርት ለየብቻ ያስመጣል፤ የመረጃ ቋቱም በ1 ወይም በ2 ፈንታ 101 ጥያቄ ይመልሳል። ለእያንዳንዱ ጆንያ አንድ በቅሎ እንደ መላክ ነው። ኮዱ ውብ ሆኖ ስለሚታይ ጥፋቱ አይታወቅም።

የበለጠ የሚያሳስበኝ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ቀኖችን በቋቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው፤ ለተጠቃሚው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲያሳይ ስሌቱን የወሰደው ጆዳ ታይም ከተባለ ላይብረሪ ነው። ጳጉሜን አሥራ ሦስተኛ ወር መሆኗን፣ 5 ወይም 6 ቀን እንዳላት የሚያውቀው ያ ላይብረሪ ነው። የጆዳ አዘጋጆች ግን ተጠቃሚዎቻቸው በ2014 ከጃቫ 8 ጋር ወደ ወጣው አብሮ የተሠራ የቀን ክፍል እንዲዛወሩ መክረዋል። ያ ክፍል የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፤ የኢትዮጵያን አልያዘም። ለእኛ አቆጣጠር ሌላ ተጨማሪ ላይብረሪ መፈለግ ግድ ነው። ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው ብሎ የጻፈ ፕሮግራመር፣ በጳጉሜን የተወለደን ሕፃን የት ያስቀምጠዋል?

ወደ 1894ቱ ውል ልመለስ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። በ1956 (እ.ኤ.አ.) ሱዳን ነጻ ስትወጣ ሁኔታው አበቃ፤ ጣቢያውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህም የምዕራቡ ንግድ ሌላ አማራጭ አግኝቶ ነበር። ምኒልክ መዋዋላቸው ስሕተት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ውሉ እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። እኛ ግን አንድ ማዕቀፍ ስንጭን እስከ መቼ እንደሚጠገን፣ ማን እንደሚጠግነው፣ ቢቆም በምን እንደምንተካው የምንጠይቀው ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምለው ተዋሱ ነው፤ ነገር ግን ሃይበርኔትን ከመጠቀማችሁ በፊት እርሱ የሚያመነጨውን የኤስኪውኤል ጥያቄ በእጃችሁ ጻፉ፤ የምትጠቀሙበትን ላይብረሪ ምንጭ ኮድ ከፍታችሁ አንብቡ። እነዚህ ሥራዎች ክፍት ምንጭ ናቸው፤ ለኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስፈልገውን ጠግኖ ለዓለም መመለስ የሚከለክለን የለም። በሱዳን ስለሚተዳደረው የባሮ ወደብ የዚህ አገር ነጋዴ ይህን ማለት አይችልም ነበር።