ገንዘብም ጥይትም የነበረች ቀልሃ

በመርካቶ ዝርዝር ሲጠፋ ባለሱቁ በመልስ ፋንታ ማስቲካ ያስጨብጣል። የመርካቶ እናት በሆነችው በጥንቷ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የሚያስጨብጡት ጥይት ነበር። ዋናው ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው፤ ጠገራ ግን ለዕለት አስቤዛ ይከብዳል። ጎዶሎውን የሚሞሉት አሞሌ ጨውና የውጅግራ ጥይት ነበሩ።

ውጅግራ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ስም ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ባንድ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ሲይዙ አሮጌው ትርፍ ሆነ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ እኛ ጎረፈ።

ለመሆኑ ጥይት እንዴት ገንዘብ ይሆናል? መጠኑ አንድ ዓይነት ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው፤ እንደ አሞሌ ዝናብ አያሟሟውም። ወገብ ላይ የሚታጠቀው ዝናር እንግዲህ ቦርሳም ነበር ማለት ነው። አሞሌ በወጥ፣ ጥይት በጠመንጃ ያልቃል፤ ሁለቱም የሚበሉ ገንዘቦች ናቸው።

ጥይቱ ቢተኮስም ነገሩ አላለቀም። የናሱ ቀልሃ ተለቅሞ እንደገና ይሞላ ነበር። ቂጡ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ ቆብ ትለወጣለች፣ ባሩድ ይጨመራል፣ እርሳስ ቀልጦ ዓረር ይሆናል። አስቸጋሪዋ ቆቧ ናት፤ ባሩዱንና እርሳሱን አገር ቤት ማዘጋጀት ሲቻል፣ እሷ የፋብሪካ ሥራ ናት። ዛሬ በአሜሪካ ይህንኑ ሥራ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ለጀማሪ የሚነገረው የመጀመሪያው ትምህርት ባሩድን በሚዛን እንጂ በግምት አትስፈር የሚል ነው፤ ስፍሩ ከበዛ ጠመንጃው በተኳሹ ፊት ይፈነዳልና። ለእነሱ ጨዋታ የሆነው ለእኛ ባላገር የችግር ጥበብ ነበር።

የሚገርመው፣ የጦር ታሪካችን ስንት ጠመንጃ ከየት እንደተገዛ ሲተርክ፣ ጠመንጃውን የጠገነውንና ቀልሃውን የሞላውን ሰው አያነሳም። ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበራ! ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ አፍን መዝጋቱ ያጠራጥራል፤ ስድቡ ከእሳቸው በኋላም ብዙ ዘመን ኖሯልና።

የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የባንኩ ገንዘብና የምኒልክ ጥቃቅን ሳንቲሞች ቀስ በቀስ የጥይትን ቦታ ወሰዱ። በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ገበያውን ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወሩት። አሁን ያለፈቃድ ጥይት መሥራት ቀርቶ መያዝም፣ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያስቀጣል። ቀልሃ ግን ሌላ ሥራ አላጣም፤ እንጦጦ ላይ የእጅ ባለሙያ ሴቶች ከየገጠሩ የተለቀመ የጥይት ናስ አቅልጠው ዶቃ ሠርተውበታል፣ የአንገት ጌጥ አድርገው ሸጠውታል።