የከፍተኛ ትምህርት ዕድል በአርባ ምንጭ፤ አጭር ታሪካዊ ቅኝት

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ ኮሌጅ ለመግባት ያሰበ የጋሞ ወጣት አገሩን ለቆ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአርባ ምንጭ ተመሠረተ። ይሁን እንጂ ምደባው አገር አቀፍ፣ መመዘኛውም የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ውጤት ስለነበረ፣ ቅርበቱ ለአካባቢው ተማሪ የመግቢያ ዋስትና አልሆነም። ለተመደበው ግን ትምህርቱ፣ ምግቡና መኝታው በመንግሥት ወጪ ይሸፈን ነበር። ይህ አሠራር በ1995 ዓ.ም. በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተለወጠ፤ ምሩቁ ድርሻውን ሥራ ከያዘ በኋላ እንዲከፍል፣ ለመምህርነት የሠለጠነው ደግሞ በአገልግሎት እንዲተካ ተፈቀደ። ኢንስቲትዩቱም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው፣ የዩኒቨርሲቲ በር ቢቀርብም ቁልፉ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እጅ መሆኑን ነው። ስለዚህ ምክርና ዝግጅት ከ9ኛ ክፍል ሊጀመር ይገባል።