የስም ርስትና መዝገብ ያዡ

በኮምፒውተሮች መረብ ላይ አንድን ድርጅት ወይም ግለሰብ ፈልጎ ለማግኘት የሚያገለግለው አድራሻ ዶሜይን ስም ይባላል። አንዱ ስም ከአንድ ባለቤት በላይ ሊኖረው አይችልም፤ ጠቡም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የመጀመሪያው የ«ዶት ኮም» ስም እ.ኤ.አ. በ1985 ሲመዘገብ ክፍያ አልነበረበትም፤ ቀድሞ የጠየቀ ይወስድ ነበር። በ1995 ግን የዘርፉ ብቸኛ መዝጋቢ የነበረው ኔትወርክ ሶሉሽንስ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ጀመረ። ስም የገበያ ዕቃ ሆነ።

ዴኒስ ቶፐን የተባለ አሜሪካዊ ከ100 የሚበልጡ ስሞችን አከማቸ። የፊልም ካሜራ ሠሪው ፓናቪዥን በስሙ የተያዘውን አድራሻ ቢጠይቀው 13,000 ዶላር አምጣ አለው። በገጹ ላይ ያኖረው ፓና የምትባል የኢሊኖይ ከተማን ፎቶግራፍ ነበር፤ ለሽፋን ያህል መሆኑ ነው። ፍርድ ቤቱ በ1998 ማመካኛውን ውድቅ አደረገበት። በዚህ ፍርድ የሚከፋ ብዙ ሰው አይገኝም።

ይሁንና በስሙ በእውነት የሚጠራበት ሰውስ? ኡዚ ኒሳን በኢየሩሳሌም ተወልዶ በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና የኮምፒውተር ንግድ ያካሂድ የነበረ ሰው ነው። ኒሳን የቤተሰቡ መጠሪያ ሲሆን፣ የዕብራውያን ወር ስም መሆኑንም መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። «ኒሳን ዶት ኮም»ን በ1994 አስመዘገበ። የጃፓኑ አውቶሞቢል ፋብሪካ በ1999 መጨረሻ 10 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠይቆ ከሰሰው። ለዓመታት በዘለቀው ሙግት ሰውየው ስለ አውቶሞቢል ማስታወቂያ እንዳያወጣ ቢታገድም ስሙን አላስነጠቀም። ወጪው ግን በሚሊዮን ዶላር ተቆጠረ፤ ረቶ ከሰረ። በ2020 ሲሞት ስሙ በእጁ ነበር።

በዚያው በ1999 የስሞቹ የበላይ ተቆጣጣሪ አይካን ሙግቱን ከፍርድ ቤት ውጭ በአነስተኛ ወጪ የሚፈታ ደንብ አጸደቀ። ከሳሹ የተከሳሹን ክፉ ልቦና ማስረዳት አለበት። ይሁን እንጂ ጉዳዩን የሚያየውን ተቋም የሚመርጠው ራሱ ከሳሹ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የመዝገብ ያዡ ነገር ነው። በ2008 መጀመሪያ አንድ ሰው የሚፈልገው ስም አለመያዙን በኔትወርክ ሶሉሽንስ ገጽ ሲጠይቅ፣ ድርጅቱ ስሙን ወዲያው በራሱ ይይዘውና ለ4 ቀን ከሌላ መዝጋቢ እንዳይገዛ ያግደው ነበር። ደንበኞቼን ከቀማኞች ልጠብቅ ብዬ ነው ሲል መልስ ሰጠ። መንገዱን የከፈተለት በ5 ቀን ውስጥ ለተመለሰ ስም ክፍያ የማያስቀር ደንብ ነበር። አይካን ከልክ በላይ በሚመለሱ ስሞች ላይ ክፍያ ሲጥል፣ ከጁን 2008 እስከ ኤፕሪል 2009 ድረስ እንዲህ ተይዘው የሚለቀቁት ስሞች በ99.7 በመቶ ቀነሱ። የማንንም የንግድ ምልክት ያልነካ ስም በዓመታዊ ክፍያ የሚያከማችን ግን ዛሬም ከልካይ የለውም።