ቤት ውስጥ ጸጉር ማቅለምና እንክብካቤው (ንፋስ መውጫና ጋይንት)

ቤት ውስጥ ጸጉር ማቅለም ሽበትን ለመሸፈን ወይም የጸጉርን መልክ ለመለወጥ ሰው ያለ ጸጉር ቤት ባለሙያ፣ በራሱ ወይም በዘመድ እጅ ቀለም የሚቀባበት ልማድ ነው። በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል፣ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በንፋስ መውጫ፣ እንዲሁም በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ነባሩ የጸጉር ሙያ ሹሩባና ቅቤ ነው። የፋብሪካ ቀለም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ቀለም የሚያደርቀውን ጸጉር ለመጠበቅ ነባሩ ሙያ አሁንም ብዙ ይረዳል፤ ቀለሙ በራስ ቆዳ ላይ የሚያመጣውን አደጋ ግን ቅቤ አይመልሰውም።

ነባሩ ሙያ

ጋይንት ደጋ ነው። ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ወደ ደብረ ታቦር በኩል ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ብርዱ፣ ነፋሱና ደረቁ አየር የጸጉርን እርጥበት ይመጥጣሉ። ከርዳዳ ጸጉር በተፈጥሮውም ቶሎ ይደርቃል፤ የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ ጥምዝምዙን ተከትሎ እስከ ጫፍ ድረስ አይወርድም። የቅቤው ጥበብ ለዚህ የተገኘ መልስ ነው። ለጋው ቅቤ ብቻውን ወይም አደስን ከመሰለ መልካም ሽታ ካለው ቅጠል ጋር ይዘጋጃል። ተቀቢዋ እሳት ዳር ወይም ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች፤ ቀቢዋ ቅቤውን በመዳፏ አሟሙቃ ከሥር እስከ ጫፍ ታሽላታለች፤ ከዚያ ሻሽ ይታሰራል። ቅቤ እርጥበት አይጨምርም፤ ያለው እንዳይተን ይከላከላል እንጂ። ስለዚህ ጸጉሩ ታጥቦ ገና እርጥብ ሳለ ሲቀባ ከደረቁ ይልቅ ይጠቅማል።

ሹሩባ ጋይንትን ባቀፈው በቀድሞው ቤጌምድር የሴት ብቻ አልነበረም። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው አድርገው የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ 2ኛ በሹሩባቸው ይታወቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ ከሞቱ በኋላ ከጸጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በእጁ የነበረውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ለኢትዮጵያ መልሷል። ለጸጉር ይህን ያህል ክብር የሚሰጥ አገር ስለ ጸጉር ቀለም በቂ መረጃ ሊያገኝ ይገባዋል።

ከዕፅዋት የሚገኝ ማቅለሚያም እንግዳ ነገር አይደለም። የደጋ ሴቶች የእንሶስላን ሥር ቀጥቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀላሉ፤ ይህ ግን ለቆዳ እንጂ ለጸጉር የተለመደ አይደለም። ሂና በሞቃት አገር የሚበቅል ተክል ነው፤ በሐረር፣ በድሬዳዋና በአፋር የታወቀ ነው። ንጹሕ ሂና ጸጉርን ቀይ ወይም ብርቱካንማ ያደርጋል እንጂ ጥቁር አያደርግም። በጥቁር ጸጉር ላይ ቀላ ያለ ነጸብራቅ ብቻ ይሰጣል፣ ሽበትን ደግሞ ብርቱካንማ ያደርገዋል። «ጥቁር ሂና» ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ኬሚካል የተጨመረበት ነው።

የፋብሪካ ቀለም

ፈረንሳዊው ኬሚስት ዩጂን ሹለር እ.ኤ.አ. በ1907 የሠራው የጸጉር ቀለም በ1909 ሎሬያል ለተባለው ኩባንያ መነሻ ሆኗል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የቋሚ ቀለም አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም። የጸጉር ዘለላ በውጭ እንደ ጣሪያ ክዳን የተደራረበ ቅርፊት አለው። አሞኒያ ወይም ሌላ አልካሊ ቅርፊቱን ይከፍታል፤ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ የተፈጥሮውን ቀለም ያነጣል፤ ጥቃቅኖቹ የቀለም ሞለኪዩሎች ወደ ውስጥ ገብተው እርስ በርስ ይያያዙና ተመልሰው መውጣት ያቅታቸዋል። ቅርፊቱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ እንደ ቀድሞው አጥብቆ አይዘጋም፤ የተቀባ ጸጉር የሚሻክረውና የሚሰባበረው በዚህ ምክንያት ነው። ከቀለሙ ጋር የሚቀላቀለው ባለ 20 ቮሊዩም ፈሳሽ (ዴቨሎፐር) 6 በመቶ ፐሮክሳይድ ይይዛል፣ ባለ 40ው ደግሞ 12 በመቶ። ሽበት ለመሸፈን ከ20 ማለፍ አያስፈልግም። ባለ 40ውን ቤት ውስጥ መንካት ጨርሶ አይመከርም።

በገበያ የሚገኘው፣ በውኃ ብቻ የሚበጠበጠው ጥቁር ዱቄት ብዙ ሰው «ኬሚካል የለውም» ብሎ የሚያምነው ዓይነት ነው። ይህ ስሕተት ነው። ከእነዚህ ዱቄቶች ብዙዎቹ ውኃ ሲነካቸው ፐሮክሳይድ የሚያመነጭ ሶዲየም ፐርቦሬት አላቸው፤ ጥቁረቱን የሚሰጠውም ፓራ-ፌኒሊንዳያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ፣ ነው። የጸጉር ቀለም አለርጂ ዋና መነሻ ይኸው ፒፒዲ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ራስ ላይ በሚደርሰው ድብልቅ ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በሱዳን ፒፒዲን ለብቻው ወይም ከሂና ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ከባድ መመረዝ ማድረሱ፣ ጉሮሮ ማሳበጡና ኩላሊት መጉዳቱ በሐኪሞች ተመዝግቧል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 ገበያ የወጣው ላሽ ሉር የተባለ የሽፋሽፍት ቀለም ሴቶችን አሳውሯል። ቅንድብና ሽፋሽፍት በጸጉር ቀለም የማይነኩት ለዚህ ነው።

ካንሰርን በሚመለከት፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የባለሙያ ጸጉር ሠሪዎችን ሥራ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባለው ምድብ አስቀምጧል። ለራስ መቀባትን ግን ማስረጃው በቂ ስላልሆነ ሳይመድበው አልፏል።

አቀባብና ከዚያ በኋላ

ከመቀባት 48 ሰዓት አስቀድሞ ጥቂት ድብልቅ ከጆሮ ጀርባ ወይም በክንድ መታጠፊያ ላይ ይሞከራል። ቢያሳክክ፣ ቢቀላ ወይም ቢያብጥ ቀለሙ ይቀራል። አምና ደህና መሆኑ ለዘንድሮ ዋስትና አይደለም፣ አለርጂው ከብዙ ጊዜ አጠቃቀም በኋላም ይመጣልና። በራስ ላይ ቁስል ወይም ጭረት ካለ መቀባት አይገባም። ጸጉር የሚያለሰልስ ሪላክሰር የተደረገበት ራስም ቢያንስ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት።

ቅቤ የተቀባ ጸጉር ቀለም እኩል አይቀበልም፤ ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት በሻምፖ ይታጠባል። ግንባርና ጆሮ ዳር ቫዝሊን ይቀባል፣ ጓንት ይጠለቃል፣ ድብልቁ በፕላስቲክ ወይም በሸክላ ዕቃ እንጂ በብረት አይዘጋጅም። በጋይንት ብርድ ቀለሙ ቀስ ብሎ ስለሚይዝ «ትንሽ ይቆይ» ማለት ያጓጓል። ክፍሉን ማሞቅ ይሻላል፤ በፓኬቱ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ ማሳለፍ ግን ቆዳን ይጎዳል። የተረፈው ድብልቅ በተከደነ ጠርሙስ ከተቀመጠ ጋዝ ስለሚፈጥር ሊፈነዳ ይችላል፤ ይደፋል።

ጸጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። የሚቀባው የወጣው ሥር ብቻ ነው፤ ቀድሞ የተቀባውን ጫፍ በየጊዜው መድገም የመሰባበር ዋነኛ ምክንያት ነው። ከቀለም በኋላ ኮንዲሽነር፣ ከዚያ ለእርጥብ ጸጉር ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ይበጃል። ካስክና ፔስትራ ለተወሰኑ ሳምንታት መቀነስ አለባቸው፤ ከሥር ጥብቅ ተደርጎ የሚሠራ ሹሩባም እንዲሁ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በንፋስ መውጫ ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል፤ ሻሽ ማሰር ይከላከላል።

በኢትዮጵያ የውበት መጠበቂያዎችን ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይመለከታል፤ ሥልጣኑም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የፓኬቱ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማንበብ የማይችል ሰው ከመቀባቱ በፊት የሚያነብለት ሰው ይፈልግ። ጽሑፍ የሌለው ወይም የተፈታ ዱቄት አይገዛ። ከተቀቡ በኋላ ፊት ወይም ዓይን ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ራስን በብዙ ውኃ ማጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ፓኬቱንም ለሐኪሙ ለማሳየት ይያዙ።