በላስታ ላሊበላ ውኃን ስለ መያዝና ስለ መከልከል

የላስታ ደጋ ዝናሙን በክረምት ወራት አብዝቶ ይቀበላል፤ መስከረም ካለፈ በኋላ ግን ሰማዩ ይዘጋል፣ ምንጩም ይሳሳል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ሁለት ጥበብ ያስፈልገው ነበረ። አንደኛው የወረደውን ውኃ እንዳይጠፋ መያዝ፣ ሁለተኛው ወደማይገባበት እንዳይገባ መከልከል ነው። በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በንጉሥ ላሊበላ ስም በሚጠራው ከተማ ያሉት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለሁለቱም ጥበብ ምስክሮች ናቸው።

በቤተ ማርያም ዓፀድ ከዓለቱ የተፈለፈለ ጥልቅ ገንዳ አለ፤ ልጅ የሚሹ ሴቶችም በልደት በዓል ይጠመቁበታል። ይህ ውኃን የመያዝ ሥራ ነው። በቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ደግሞ ዝናሙ እንዳይቋጠር አሸንዳ ተበጅቶለታል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቈፈሩትም ቦዮች ውኃውን ቍልቍል ይመሩታል። ይህ የመከልከል ሥራ ነው።

ነገር ግን ዓለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘና ቀዳዳው የበዛ ስለ ሆነ ውኃን ይመጥጣል። ዘመን ሲረዝም ጣራው ተሰነጠቀ፤ ዝናሙም በስንጥቁ እየሰረገ ግድግዳውንና ሥዕሉን ይጎዳ ጀመር።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ይህን ለማዳን ታስቦ አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅ ተቀብተው በላዩ ቀይ ቀለም ተደረገባቸው። አሳቡ መልካም ነበረ፤ ዳሩ ግን ቅባቱ ከውጭ የሚመጣውን ውኃ ቢከለክልም፣ በሌላ መንገድ የሰረገውን እርጥበት እንዳይወጣ አፈነው። ስለዚህም ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በኢጣልያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት በተደረገው ጥገና ሬንጁ ተፋቀ። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ፤ በ2008 ዓ.ም. በ5ቱ ላይ በኤውሮጳ ኅብረት ገንዘብ የብረት መጠለያ ተተከለ። መጠለያው ዝናሙን ቢመልስም ክብደቱና ነፋሱ ያሳሰባቸው የከተማው ሰዎች በ2018 ዓ.ም. እንዲነሣ በአደባባይ ጠየቁ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ ጠጋኙ ከተጠጋኙ እንዳይበረታ ነው። ሲሚንቶ በላሊበላ ዓለት ስንጥቅ ውስጥ ቢገባ፣ ከዓለቱ ይልቅ ጽኑ ስለ ሆነ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁ ከጠርዙ ይላቀቃል፤ አጠገቡ ያለውንም ድንጋይ ይሰብራል። በአሸዋ የተለወሰ ኖራ ግን ከአየሩ ጥቂት በጥቂት እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ እርጥበትንም ያስተነፍሳል።

ዛሬ በየደብሩና በየሠፈሩ የሚሠራው የኮንክሪት ገንዳ ግን አካሉ ሲሚንቶ ነውና መድኃኒቱም ከዚያው ወገን ነው። ከፀጕር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ውኃው ከሲሚንቶው የሚያወጣው ኖራ ሲረጋበት ራሱን ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ የሰፋ ሲሆን ግን ገንዳው ባዶ ሆኖ ይታጠባል፤ ስንጥቁ በመሮ ሰፋ ተደርጎ አቧራው ይጠረጋል፣ ይርሳል፣ በሲሚንቶና በደቃቅ አሸዋ ተጠቅጥቆ ይሞላል፤ ቢያንስ 7 ቀን እርጥበት ሳይለየው ይጠበቃል። ሳይርስ ቶሎ የደረቀ ልስን ዳግመኛ ይሰነጠቃል። መሬቱ በመስጠሙ የሚከፈት ስንጥቅ ሲሆን ግን ከልስኑ አስቀድሞ መሠረቱን መመርመር ይገባል።

ፈተናውም ቀላል ነው። ገንዳው ተሞልቶ የውኃው ልክ በግድግዳው ላይ ይመለከታል፤ ውኃ የሞላበት ባልዲም አጠገቡ ይቀመጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ የገንዳው ውኃ ከባልዲው ይልቅ ዝቅ ካለ ፀሐይ የጠጣችው አይደለም፤ ገንዳው ያፈስሳል።

እንግዲህ የደብር አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ጥገናን ለክረምት መግቢያ አታቆዩት። ቦዩ በበጋ ሲጠረግ ቤተ መቅደሱ ይድናል፤ ገንዳው በጊዜው ሲጠገን እናቶች እንስራ አዝለው ሩቅ ምንጭ ከመውረድ ያርፋሉ።