«የሰይጣን ዓሣ»፦ የአንድ ስም ታሪክና መዘዙ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ዓሣ ነው። «የታሪክ መምህር ስለ ዓሣ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። እኔን የሚያገባኝ ስሙ ነው። ሰው ለማንታ ያወጣለት ስም ዕድሉንም ጭምር ወስኖለታልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ማንታ የሻርክ ዘመድ የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፤ እንደ አሞራ ሰፊ ክንፉን እያርገበገበ በውኃ ውስጥ ይሄዳል። ትልቁ ዓይነት ከክንፍ እስከ ክንፍ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉት። ሲጠቀለሉ ቀንድ ይመስላሉ፤ ሲዘረጉ ግን ውኃውን ወደ አፉ ይመራሉ። የሚመገበው በውኃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን በስንጥቦቹ እያጣራ ነው። ሰው የሚወጋበት እሾህ በጅራቱ ላይ የለውም።

ይህንን የዋህ እንስሳ ነው እንግዲህ ሰዎች በ«ቀንዱ» ምክንያት «የሰይጣን ዓሣ» ያሉት። «ማንታ» የሚለው የስፓኝ ቃል ራሱ ብርድ ልብስ ማለት ነው። ስፓኛዊው አንቶኒዮ ደ ኡዮዋ በ1748 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፣ በፓናማ ባሕር ዕንቁ የሚለቅሙ ጠላቂዎች ማንታ ጠቅልሎ ይገድለናል ብለው እንደሚፈሩ ጽፏል። ጠላቂዎቹ በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከማንታው ይልቅ ወደ ጥልቁ የሚሰዳቸው ጌታ የሚያስፈራ ይመስለኛል። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1846፣ የሳውዝ ካሮላይናው የእርሻ ባለቤት ዊልያም ኤልዮት ማንታን በጦር ማደንን የጨዋ ሰው ስፖርት አድርጎ ጻፈ። በ1917 ደግሞ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በፍሎሪዳ ጠረፍ «ሰይጣኑን» ወግተው ታሪኩን በመጽሔት አወጡ። ሰይጣንን የገደለ ጀግና እንጂ ጨካኝ አይባልም።

ሳይንቲስቶቹስ? የእነርሱ ታሪክ ወደ ደጃችን ይቀርባል። ሄምፕሪኽና ኤህረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የቀይ ባሕርን እንስሳት ሲሰበስቡ ቆይተው፣ ሄምፕሪኽ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ። በ1841 ሙለርና ሄንለ አንድ ማንታ በኤህረንበርግ ስም ሰየሙ። በ1868 ደግሞ የሲድኒው ቤተ መዘክር ኃላፊ ጌራርድ ክረፍት ሌላ ማንታ በልዑል አልፍሬድ ስም ጠራ፤ ልዑሉ በዚያው ዓመት ሲድኒን ሲጎበኝ በጥይት ቆስሎ የተረፈ ሰው ነው። በኋላ ግን እነዚህ ሁሉ ስሞች በአንድ ተጠቀለሉ፤ በዓለም ያለው ማንታ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ተባለ።

ይህ የመዝገብ ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ። ዓይነቱ አንድ ከሆነ፣ በአንዱ ባሕር ቢመናመን ከሌላው ይተካል የሚል መጽናኛ ይኖራል። አንድርያ ማርሻልና ባልደረቦቿ በ2009 የክረፍትን ማንታ ከመቃብር አወጡት። የውቅያኖሱ ማንታ ግዙፍና ሩቅ ተጓዥ ሲሆን፣ ሁለተኛው አነስ ያለና በኮራል ዳርቻዎች አካባቢ የሚኖር ነው። የስሙን ዋጋ ከዚህ ተመልከቱ፤ የፍልሰተኛ እንስሳት ስምምነት በ2011 የውቅያኖሱን ማንታ ብቻ መዘገበ። ሁለተኛው እስከ 2014 መጠበቅ ነበረበት።

ሦስት ዓመት ለማንታ ቀላል አይደለም። እናቲቱ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ትወልዳለች፤ እስክትደግም ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል። በዚያው ዘመን የደረቀ ስንጥቧ በደቡብ ቻይና፣ በተለይ በጓንግዦ ገበያ፣ ለመድኃኒትነት ይሸጥ ነበር። በ2013 ባንኮክ ላይ የሳይትስ አባል አገሮች ሁለቱንም ማንታዎች በሁለተኛው አባሪ ሲያስገቡ፣ ንግዱ በቁጥጥር ሥር እንዲሆን ተወሰነ።

ሰይጣን የነበረው ፍጥረት እንዲህ የጠላቂ ቱሪስቶች ወዳጅ ሆነ። ልባችን ስለራራ ነው የሚለውን ትረካ በበኩሌ ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ክርክሩን ካሸነፉት ነገሮች አንዱ ሒሳብ ነው፤ በ2013 የወጣ ጥናት ቱሪስቶች ማንታ ለማየት በዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጡ ገምቷል።

ኢንዶኔዥያ በ2014 ማንታን በመላ አገሪቱ ስትከልል፣ በሶሎር ደሴት ላይ ያለችው ላማኬራ ለትውልዶች ከጀልባ አፍንጫ ላይ በጦር እየዘለለች ማንታ ስታድን የኖረች መንደር ነበረች። ለእነርሱ ማንታ ሰይጣንም መልአክም አልነበረም፤ የዕለት ጉርሳቸውና የልጆቻቸው መኖሪያ እንጂ። ከዚያ ሁሉ ዶላር ለላማኬራ ስንቱ ደረሳት? ይህንን ለውይይቱ ትቼዋለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።